ደብተር የሚመዘነው መልሰው ሲያነቡት ነው

የደብተር ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሽፋኑ ያምራል፣ ወረቀቱ ልስልስ ነው፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ አለቀ። ገምጋሚው ጥቂት ገጽ ሞክሮ እንደጻፈው ያስታውቃል። እኔ በየቀኑ የምጽፍ ሰው ነኝ። ውሎዬን፣ ያሳሰበኝን፣ የወሰንኩትንና መወሰን ያቃተኝን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ደብተር የሚፈተነው ሲገዛ አይደለም። ሲጻፍበትም አይደለም። ወራት፣ ብሎም ዓመት አልፎ ተገልጦ ሲነበብ ነው። ይህንን ግምገማ የጻፍኩት በዚያ ዓይን ነው።

የምገመግመው ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ ገጹ ነጥብ ነጥብ የሆነውን፣ ገጾቹ ቁጥር ያላቸውን ኤ5 ደብተር ነው። ኤ5 ማለት 148 በ210 ሚሊሜትር ነው፤ የተለመደው የፕሪንተር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የሚወጣው መጠን። የአምራች ስም አልጠራም። ይህን ዓይነት ደብተር የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፣ እና ዋናው ጥያቄ የማን ነው ሳይሆን ምን ምን ያሟላል ነው።

ግን በመጀመሪያ ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ያለዚያ ስለ ስፌትና ስለ ቀለም የማነሳው ሁሉ ቅንጦት ይመስላል።

ሁላችንም ያኔ ምን አስብ እንደነበር አስታውሳለሁ ብለን እናምናለን። አናስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ሊሄዱ ሲሉ፣ ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይት የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው ከጉዞው ምን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስገመቷቸው። ይህ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው፣ ያኛውስ? ተማሪዎቹ ግምታቸውን ጻፉ። ጉዞው ካለቀ በኋላ ደግሞ ያኔ የሰጣችሁትን ግምት አስታውሳችሁ ጻፉ ተባሉ። የሆነውን ነገር፣ ያኔ ከሰጡት ግምት በላይ፣ «ይሆናል ብለን ነበር» አሉ። ጥናቱ በ1975 ታተመ። ማንም እየዋሸ አልነበረም። ውጤቱን ካወቁ በኋላ የድሮ ሐሳባቸው በራሱ ጊዜ ተስተካክሎ ነበር።

ሌላኛው የባሰ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ከፈነዳች በኋላ፣ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቻቸውን ዜናውን የት ሆናችሁ፣ ከማን ሰማችሁ፣ ምን ታደርጉ ነበር ብለው አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከመካከላቸው 44ቱን አግኝተው እንደገና ጠየቋቸው። ሩብ የሚሆኑት ከዋና ዋናዎቹ ነገሮች አንዱንም በትክክል አላገኙም። ብዙዎቹ ግን በትዝታቸው እርግጠኞች ነበሩ። አስቡት፤ መቼም አልረሳውም የሚባል ቀን ነው እንዲህ የሆነው። ተራው ማክሰኞማ ምን ይሆን?

ለእኔ የመጻፍ ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ወረቀቱ ከእኔ ጋር አብሮ አይለወጥም። አንድ ጊዜ ሥራ ልቀይር ወይስ ልቆይ እያልኩ የተጨነቅሁበት ወቅት ነበር። ዛሬ ብትጠይቁኝ «ገና ሲነገረኝ ነው የወሰንኩት» ብዬ በሙሉ ልብ እመልስላችሁ ነበር። ደብተሩን ስገልጠው ግን ሌላ ሰው ነው የማገኘው። አንዱ ገጽ ላይ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ለምን መሄድ እንዳለብኝ ረጅም ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ ግማሹ ተሰርዟል። ከዚያ ደግሞ ከታች በኩል፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪጎዳው ድረስ ተጭኜ፣ «ግን ማንን ነው የምፈራው?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ይታያል። በዚያ ገጽ ጀርባ የመስመሩ ጉብታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ያንን ጥያቄ ጨርሶ ረስቼው ነበር። ውሳኔውን ያመጣው ግን እሱ ነው።

ይህ ለማስታወስ ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የድሮ ጭንቀቴን ስላገኘሁት፣ አሁን የማመነታውን ሰው ታግሼ መስማት እችላለሁ። ጓደኛዬ ደውላ «መወሰን አቃተኝ» ስትለኝ «ምን ይከብዳል፣ ዝም ብለሽ ወስኚ» አልላትም። እኔም ከብዶኝ እንደነበር በእጄ ጽሑፍ ተጽፎ አለ።

ሌላም አለ። የሚያስጨንቅ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን መጠን የለውም፤ ሲጻፍ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያበጃል። ሌሊት እንደ ተራራ የሚታየው ጉዳይ ገጹ ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ከግማሽ ገጹም ነገ ላደርገው የምችለው ነገር አንድ ወይ ሁለት መስመር ነው። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ማዕከል የሄዱባቸው ጊዜያት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ይህ ጥናት ብዙ ተወርቶለታል፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጆአን ፍራታሮሊ 146 ጥናቶችን ሰብስባ ስትመረምር ጥቅሙ እውነት ሆኖ መጠኑ ትንሽ መሆኑን አግኝታለች። ስለዚህ መጻፍ ሕይወት ይለውጣል የሚሏችሁን ሰዎች ረጋ በሉ በሏቸው። መድኃኒት አይደለም። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ሐኪምና ሰው ያስፈልገዋል፣ ደብተር ብቻውን አይበቃም። ለእኔ ግን ትንሽ ጥቅም በየቀኑ ሲገኝ ትንሽ አይደለም።

እንቅልፍ ላይም ይረዳል። ማይክል ስኩሊንና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 57 ወጣቶችን ከመተኛታቸው በፊት አምስት አምስት ደቂቃ አስጻፏቸው፤ ግማሾቹ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን። ገና የሚሠሩትን የጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩ በዝርዝር በተጻፈ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ተኙ። እኔም የቀኑን ጽሑፍ የምጨርሰው በነገ ሥራዎች ነው፤ ይህንን የማትሞክሩበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ።

አንደኛ የማየው ስፌቱን ነው። ደብተሩን መሐሉ ላይ ግለጡትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ እጃችሁን አንሡ። ተዘርግቶ ከቀረ ጥሩ ነው። ተመልሶ ከተከደነ ግን መልሱት፣ አትግዙት። ተዘርግቶ የሚቀረው ወረቀቱ በጥራዝ በጥራዝ ታጥፎ በክር የተሰፋው ነው፤ ጀርባው ላይ በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ግን ካልተጫኑት አይገለጥም፣ ሲጫኑት ደግሞ ሙጫው ይሰነጠቅና ገጽ መርገፍ ይጀምራል። የገጹ መርገፍ በጽሑፍ ጊዜ ብዙም አያስቸግር ይሆናል። መልሶ ለማንበብ ግን ጠንቅ ነው፤ የረገፈ ገጽ ቦታውን ያጣል፣ ቦታውን ያጣ ገጽ ደግሞ ቀን ካልተጻፈበት ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በዚህ በኩል የምገመግመው ደብተር ሙሉ ማርክ ያገኛል። በክር የተሰፋ ነው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይም መጨረሻው ገጽ ላይም ተዘርግቶ ይተኛል።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ እንደ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ማለት ነው። በኳስ እስክሪብቶና በጄል እስክሪብቶ ከጻፋችሁ ከበቂ በላይ ነው። ቀለም በሚሞላ ብዕር ለሚጽፍ ሰው ግን ጽሑፉ በጀርባው በኩል እንደ ጥላ ይታያል፤ ለንባብ ደግሞ ይህ ያደክማል፣ ሁለት ቀን ተደራርቦ እያነበባችሁ ይመስላችኋል። ባለ 100 ግራም ወረቀት ያለው ዓይነት አለ፤ ቀለም በሚሞላ ብዕር የምትጽፉ ከሆነ እሱን ፈልጉ፣ ገጹ ቢያንስም ወይም ደብተሩ ቢወፍርም ይሻላል።

ከክብደቱ የበለጠ ግን «አሲድ የሌለው» የሚለው ጽሑፍ አለመኖሩ ያሳስበኛል። ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ቢጫ እንደሚሆን አስተውላችሁ ይሆናል፤ ከእንጨቱ ተለይቶ ያልወጣው ሊግኒን የሚባል ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይቀየራል፣ አሲድ ካለበት ደግሞ ወረቀቱ ውሎ አድሮ ይሰባበራል። ረጅም ዕድሜ ላለው ወረቀት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይኤስኦ 9706 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። ያ ቁጥር ወይም «አሲድ የሌለው» የሚለው ቃል ከኋላ ሽፋኑ ላይ ካለ ያለ ሐሳብ ግዙ። ለገበያ ዝርዝር ከሆነ አያስፈልግም። ከሃያ ዓመት በኋላ ላነበው ነው ካላችሁ ግን ከሽፋኑ ቀለም በፊት ይህ ይታይ።

ስለ ቀለም አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። በላስቲኩ ሲፈተግ የሚጠፋ እስክሪብቶ አለ፤ ለተማሪ በጣም ምቹ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለውም። ያ ቀለም የሚጠፋው ፍትጊያው በሚፈጥረው ሙቀት ነው፤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ቀለሙ አይታይም። አሁን አስቡት፤ ደብተሩ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ቢረሳ፣ ወይም ማሞቂያ ላይ ቢቀመጥ፣ የወራት ጽሑፍ ባዶ ገጽ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ሲቀመጥ ይመለሳል ይባላል፣ እውነትም በብዙ ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ይመለሳል፤ ግን ሆን ብላችሁ ያጠፋችሁትም አብሮ ብቅ ይላል። ለዕለት ውሎ በፍጹም አትጠቀሙበት። ተራው የኳስ እስክሪብቶ ቀለሙ በዘይት የተበጠበጠ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ቶሎ አይፈስም፤ ፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ የቀለም ቅንጣት) ያለበት ጄል ደግሞ ውሃንም ብርሃንንም ይቋቋማል። ሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ዝም ብላችሁ እነሱን ያዙ።

ደግሞ ስርዝ ድልዝን አትፍሩ። እኔ የሰረዝኩትን በአንድ መስመር ብቻ ነው የምሰርዘው፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ለመጻፍ ፈልጌ የተውኩት ቃል ብዙ ጊዜ ከጻፍኩት ይልቅ ይናገራል።

ነጥቦቹ በአምስት በአምስት ሚሊሜትር ርቀት ነው የተቀመጡት። ለፊደላችን ይህ ትንሽ ይጠባል። ጭ፣ ጬ፣ ሿ፣ ቿ የመሳሰሉት እግርም ክንድም ስላላቸው በአንድ ረድፍ ስትጽፏቸው ይጨናነቃሉ፣ በችኮላ የተጻፈ ገጽ ከዓመት በኋላ ለባለቤቱም አይነበብም። እኔ አንዳንዴ ረድፍ እየዘለልኩ እጽፋለሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ገጹ ቶሎ ያልቃል። እጃችሁ ትልልቅ ፊደል የሚጽፍ ከሆነ ሰባት ሚሊሜትር ገደማ ያለውን ባለ መስመር ዓይነት ውሰዱ። ነጥቡ የሚበልጥበት ሰንጠረዥና ሥዕል ለሚያስገባ ሰው ነው። ነጥቦቹ ፈዛዛ ግራጫ መሆናቸው ግን ጥሩ ነው፤ ስታነቡ ዓይን ውስጥ አይገቡም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የወደድኩት። የገጽ ቁጥርና ማውጫ አለው። መጀመሪያ ላይ ባዶ የማውጫ ገጾች አሉት፣ እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ ቁጥር ታትሟል። ስገዛው ልብም አላልኩትም ነበር። አሁን ያለሱ ደብተር አልይዝም። አንድ ጉዳይ ስጽፍ ተመልሼ ማውጫው ላይ ሁለት ሦስት ቃል አሰፍራለሁ፤ «የአባዬ ሕክምና፣ 34፣ 51፣ 88» ዓይነት። ጉዳዩ ሲደጋገም ቁጥሩ ይረዝማል። የአንድ ርዕስ ቁጥር እየረዘመ ሲሄድ ማየት በራሱ ዜና ነው፤ የማይረባ ነው ብዬ የተውኩት ነገር በደብተሩ ሙሉ ተመላልሶ ሳገኘው፣ ለካ እያሳሰበኝ ነበር እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስም እንዲህ ማውጫው ላይ በዝቶ ነው ቁጭ ብለን መነጋገር እንዳለብን የገባኝ። ተነጋገርንም፣ ቁጥሩም ቆመ።

ሁለት የሪባን ዕልባት አለው። አንዱ ዛሬ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለተኛውን እያነበብኩ ያለሁት የድሮ ገጽ ላይ አደርገዋለሁ። ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ኪስ ደረሰኝና ትናንሽ ወረቀት ይይዛል፤ ካበዛችሁበት ሽፋኑን ያጣምመዋል። ደብተሩን ከድኖ የሚይዘው ላስቲክ ከጊዜ ብዛት ይላላል፣ ያ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀን የታተመበት አጀንዳ ለዚህ ልማድ አልመክርም። ብዙ ሰው የሚጀምረው በአጀንዳ ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ይገዛል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጻፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያልፋል። ያለፈው ቀን ገጽ ባዶውን ይቀመጣል። ቀጥሎ ሦስት ገጽ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ሰውየው ማየቱን ራሱ ይጠላል። ጽሑፉን ያስቆመው ስንፍና አይደለም፣ ባዶው ገጽ ነው። ቀን ያልታተመበት ደብተር ላይ ግን ያለፈ ቀን ቦታ አይዝም። ቀኑን ራሳችሁ ከላይ ትጽፋላችሁ፣ ከትናንት በስቲያው ቀጥሎ የዛሬው ይመጣል፣ አለቀ። የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው ነበር። አንድ ነገር ያለ ትግል የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ይለምዳል፣ አንዳንዱ 254 ቀን ድረስ ይሄዳል። በ21 ቀን ይለመዳል የሚባለውን እዚህ ላይ ተዉት። ከሁሉም ደስ የሚለው ግን፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰው ማየታቸው ነው። ስለዚህ የሚቆጥርባችሁን ደብተርም ሆነ አፕ አትያዙ።

ስለ አፕ ካነሣን፣ ስልክ ላይ ብጽፍ አይሻልም ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሞክሬዋለሁ፣ አሁንም በከፊል እጠቀምበታለሁ። ፍለጋው የማይታመን ነው፤ አንድ ቃል ጽፋችሁ የዓመታት ጽሑፍ በቅጽበት ይመጣል፣ የእኔ ማውጫ አጠገቡም አይደርስም። ባክአፕ አለው። ፓስወርድ አለው። መንገድ ላይ ሆናችሁ ሁለት መስመር መያዝ ትችላላችሁ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል፣ እጁን ለሚያመው ሰው ደግሞ በድምፅ መጻፍ አለ። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ የእናንተ ችግር ከነዚህ አንዱ ከሆነ ደብተሩን ተዉትና በስልክ ጻፉ። ዋናው መጻፉ ነው።

እኔን ወደ ወረቀት የመለሰኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስልክ ላይ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ መልእክት ይገባል፣ መልእክቱን ላይ ስል ሌላ ነገር አያለሁ፣ ተመልሼ ስመጣ የምጽፈው ነገር ሄዷል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ስልክ ላይ የድሮውን ጽሑፍ ማስተካከል ቀላል ነው። አንድ ቀን ተናድጄ የጻፍኩትን ሳነበው ደስ አይለኝም፣ ጣቴን አስነካውና ቃሉን አለሰልሰዋለሁ፣ ማንም አያውቅም፣ ከጊዜ በኋላ እኔም አላውቅም። ያን ጊዜ ጽሑፉ ልክ እንደ ትዝታዬ ሆነ ማለት ነው፤ ከእኔ ጋር አብሮ ተለወጠ። ታዲያ ለምን ጻፍኩት? ወረቀት ላይ ግን ከሰረዝኩ ስርዙ ይታያል፣ ከጨመርኩ የእስክሪብቶው ቀለም ይለያል። የዛሬው እኔ የትናንቱን እኔን አፉን እንዳይዘው የሚከለክል ነገር እወዳለሁ።

ደብተሩ የሌለው ትልቁ ነገር ቁልፍ ነው። ያገኘ ሰው ያነበዋል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሰው ያነበዋል ብሎ የሚፈራ ሰው እውነቱን አይጽፍም፣ እውነቱን ካልጻፈ ደግሞ መልሶ ሲያነብ የሚያገኘው የታጠበ ሰው ነው። አብራችሁ የምትኖሩት ሰው የሚከበር ገመና እንዳለ የሚያውቅ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ለሌሎች ሰዎች ስም ምልክት አብጁ፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ፈልጉ፣ ወይም እጅግ የግል የሆነውን ብቻ ፓስወርድ ባለው ቦታ ጻፉ። ደኅንነታችሁን የሚያሰጋ ሰው አጠገባችሁ ካለ ወረቀት ላይ አትጻፉ። ይህንን ከልቤ ነው የምለው።

አጠቃቀሜን የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ባጭሩ፦ ማታ እጽፋለሁ፣ ቀን ከላይ፣ መጀመሪያ የሆነውን፣ ከዚያ የተሰማኝን፣ መጨረሻ ላይ የነገ ሥራን። ምንም ያልሆነበት ቀን አንድ መስመር ይበቃል። «ዝናብ ዘነበ፣ ደከመኝ» ብዬ የዘጋሁት ብዙ ቀን አለ፣ እነሱም ሲነበቡ ደስ ይላሉ። ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ የወሩን አነባለሁ። ይህቺን ንባብ የዘለለ ሰው የልማዱን ግማሽ ጥቅም ነው የሚያጣው እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ስለ መጻፉ ያወራል፣ ስለ ማንበቡ ግን የሚያነሣ የለም። ሳነብ እስክሪብቶ አልይዝም። የምጨምረው ካለኝ በዛሬው ገጽ ላይ፣ በዛሬው ቀን፣ ወደ ድሮው ገጽ ቁጥር አመልክቼ እጽፈዋለሁ። «ገጽ 51 ላይ ያልኩትን አሁን አላምንበትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከደብተሬ ውስጥ ከማከብራቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ነው፤ ሁለቱም ሰዎች ቦታቸውን ይዘው አሉ።

ነጥብ ስጡ ካላችሁኝ ከ5 አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ወረቀቱ አሲድ የሌለው ስለመሆኑ ምንም ባለማለቱና ለፊደላችን ረድፉ ስለጠበበ ነው። በየቀኑ ለመጻፍ ለምታስቡ፣ በተለይ ጀምራችሁ ላቆማችሁ፣ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። እጅግ ውድ የሆነውን በቆዳ የተለበጠውን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አትግዙ። ደብተሩ ከጽሑፉ በላይ ከከበረ እጅ ይያዛል፣ ያማረ ሐሳብ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፣ ያማረ ሐሳብ ደግሞ ማታ ማታ አይመጣም። ስጦታ የተሰጣችሁ ካለ የመጀመሪያውን ገጽ ዝለሉና ከሁለተኛው ጀምሩ፤ ፍርሃቱ በአብዛኛው ያለው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ለአምራቾች አንድ ልመና አለኝ። የማውጫ ገጾቹን እጥፍ አድርጓቸው። በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ደብተሩ ሳይጋመስ ማውጫው ያልቅበታል፤ እኔ የተረፈውን ከኋላ ባሉት ገጾች ላይ እየቀጠልኩ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብለን የምንጽፍባት ትንሽ ነጭ ቦታ ብትተዉልን፣ መደርደሪያ ላይ ስናሰልፋቸው የምንፈልገውን ዓመት ሳንገልጥ እናገኘዋለን።